ቤታ (የሙከራ) ግራፊክስ ድራይቨር ጭነው ቪዲዮ ቢበላሽብዎ

ባሕር ዳር ላይ መብራትም ኢንተርኔትም ሳይታሰብ ስለሚሄድ፣ የቀድሞውን ድራይቨር (የግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አስቀድመው ፍላሽ ላይ ይያዙ፤ የላፕቶፑም ባትሪ ይሙላ። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ያለው፣ ወደ ቀድሞው ድራይቨር የሚመልሰው «ሮል ባክ ድራይቨር» አንዳንዴ ደብዝዞ አይነካም፣ አይታመኑበት።

ምስሉ አረንጓዴ ከሆነ ወይም በትንንሽ አራት ማዕዘን ከተቆራረጠ ድራይቨሩን ለማጥፋት አይቸኩሉ። ፋይሉን በቪኤልሲ ማጫወቻ ይክፈቱ፤ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ «ኢንፑት/ኮዴክስ» ገብተው ሃርድዌር ዲኮዲንጉን (ቪዲዮውን በግራፊክስ ካርዱ መፍታቱን) «ዲሴብል» ያድርጉና ሴቭ ብለው ቪዲዮውን እንደገና ያስጀምሩ። ከጠራ፣ ችግሩ ካርዱ ቪዲዮ የሚፈታበት ክፍል ላይ ነው፤ ይህ የቤታ ድራይቨር የተለመደ ጣጣ ነው። ካልጠራ ፋይሉ ራሱ ሲወርድ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያጫውቱት።

ክሮም ላይ ብቻ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም ገብተው የግራፊክስ አክስለሬሽኑን ያጥፉና ክሮምን ዘግተው ይክፈቱ። ዴስክቶፑ ጭምር ከተዛባ ደግሞ ስክሪንሾት አንስተው ስልክዎ ላይ ይዩት፤ ንጹሕ ከሆነ ችግሩ ከስክሪኑ ወይም ከኬብሉ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የስክሪኑን ኬብል ይቀይሩ።