አሮጌ ላፕቶፕን የቤት ስልክ ማዞሪያ ማድረግ

ባሕር ዳር የሚገኘው ግቢያችን ረዘም ያለ ነው፤ ዋናው ቤት ከፊት፣ ማድ ቤቱና ሦስቱ ሰርቪስ ክፍሎች ከኋላ ናቸው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ከማድ ቤት የሚጣራ ሰው ዋናው ቤት ድረስ አይሰማም። ስለዚህ ቡና መድረሱን ለመናገር እንኳ ወይ በዝናብ መሮጥ፣ ወይ ሠላሳ ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው በሞባይል ደውሎ ሒሳብ ማስቆረጥ ግድ ነበር። ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የከረመ አሮጌ ላፕቶፕ ይህን ችግር ካቃለለልን ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ እግረ መንገዴንም የተሳሳትኩበትን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ማዞሪያ የሚባለውን እናውቃለን፤ ሠራተኛው ሦስት አኃዝ ብቻ ደውሎ ሌላ ቢሮ ያገኛል። ይህንኑ ሥራ ተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም አስቴሪስክ ይባላል። ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1999 ለትንሽ ድርጅቱ ማዞሪያ መግዛት አቅሙ ስላልፈቀደለት ራሱ ጽፎ ለሕዝብ በነፃ የለቀቀው ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘው በስልካችን ላይ ኮከብ ከምንላት ምልክት ነው። አስቴሪስክን በጽሑፍ ትእዛዝ ማዋቀር አድካሚ በመሆኑ፣ በብሮውዘር እየተከፈተ በቅጽ የሚሞላው ፍሪፒቢኤክስ ለቤት ይሻላል፤ እሱም በነፃ የሚገኝ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። ቴክኖሎጂው የኢንተርኔት ስልክ ቢባልም በግቢ ውስጥ የሚደረግ ጥሪ ኢንተርኔትን አይነካም። ድምፁ ከአንዱ ስልክ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ሌላው ስልክ ይሄዳል እንጂ ከአጥር አይወጣም። ጥቅሉ ቢያልቅ ወይም ኢንተርኔቱ ጨርሶ ቢጠፋ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን መደወል አይቋረጥም። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝም ከምንም በላይ ይኸው ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ሕጉ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በወንጀል ደንግጓል። ስለዚህ እዚህ የምገልጸው ማዞሪያ የቤተሰብ የውስጥ መስመር ብቻ ነው፤ ሲም ካርድ የሚሰካበት ዕቃ አይገናኘውም፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ አይቀበልም፣ ለጎረቤትም በገንዘብ አይከራይም። ከዚህ አልፎ መሄድ የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ኮምፒውተሩን ስለ መምረጥ

ማዞሪያ ለአራትና ለአምስት ስልክ የሚጠይቀው ጉልበት እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ ላይ እያቃሰተ የሚከፈት ማሽን እዚህ እንደ ልብ ይሠራል። ማሽኑ 64 ቢት መሆኑን ግን ማረጋገጥ ይገባል፤ ራሙም ቢያንስ 2 ጊጋባይት፣ ቢቻል 4 ጊጋባይት ይሁን። ከሁሉም ቀድሞ የሚያረጀው ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ኤስኤስዲ በሚባል፣ የሚሽከረከር አካል በሌለው አነስተኛ ዲስክ ቢተካ ዕድሜውም ፍጥነቱም ይታደሳል። ያረጀ ሃርድ ዲስክ ላይ ጀምሬ ከአራት ወር በኋላ ሁሉን ነገር እንደገና ስለጫንኩ ይህን ወጪ ማንም እንዲሸሽ አልመክርም።

ላፕቶፕ ይሻላል ወይስ ዴስክቶፕ ለሚለው መልሴ ላፕቶፕ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። የመጀመሪያው የመብራት ፍጆታ ነው፤ ማዞሪያ ቀንና ሌሊት የሚበራ ዕቃ ስለሆነ 80 ዋት የሚበላ አሮጌ ዴስክቶፕ በዓመት ወደ 700 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ 20 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ግን 175 ገደማ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው መብራት ሲጠፋ ባትሪው መያዙ ነው። ባትሪው አብጦ ከሆነ ግን፣ ማለትም የላፕቶፑ ሆድ ወጣ ብሎ ጠረጴዛ ላይ መወዛወዝ ከጀመረ፣ ያለ አንዳች ማመንታት መውጣትና መተካት አለበት። ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ የሚውል ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ላፕቶፕም የራሱ ጉድለት አለው። ባትሪው እስኪያልቅ መብራት ጠፍቶ ከቆየ፣ መብራት ሲመጣ ብዙዎቹ ላፕቶፖች በራሳቸው አይነሱም፤ አንድ ሰው ሄዶ ቁልፉን መጫን አለበት። የአንዳንዶቹ ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ቅንብር፣ ቻርጀር ኃይል ሲያገኝ ማሽኑ እንዲበራ የሚያደርግ ምርጫ ስላለው ገብቶ መፈለግ አይከፋም። በዴስክቶፕ ላይ ይህ ምርጫ በብዛት ይገኛል።

ከመጫን በፊት ማሽኑን ከፍቶ ማራገቢያውን ማጽዳት የግድ ነው። በሐይቁ ዳርቻ አቧራው ብቻ ሳይሆን ማታ ማታ ብርሃን የሚከተሉ ትንኞችም ጭምር ማራገቢያው ውስጥ ገብተው ይደርቃሉ። የእኔን ስከፍተው በአየር ማውጫው ላይ የተጋገረው ነገር በጥርስ ብሩሽ ተፍቆ ነው የለቀቀው።

አጫጫኑ

ፍሪፒቢኤክስ 17 የሚቀመጠው ዴቢያን 12 በተባለው ሊኑክስ ላይ ነው። ዴቢያንን ፍላሽ ላይ ጽፎ ማሽኑን ከፍላሹ ማስነሳት፣ በጭነቱ ጊዜም ዴስክቶፕ የሚለውን ምርጫ ትቶ ኤስኤስኤች ሰርቨር (ማሽኑን ከሌላ ኮምፒውተር ለማዘዝ የሚያስችለው) እና መደበኛ መገልገያዎች የሚሉትን ብቻ መምረጥ በቂ ነው። ከዚያ ከፍሪፒቢኤክስ አዘጋጆች የሚገኘውን የጭነት ስክሪፕት በሩት፣ ማለትም በማሽኑ ሙሉ አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ማስኬድ ነው፤ አስቴሪስክንም፣ የመረጃ ቋቱንም፣ የብሮውዘር ገጹንም ራሱ አውርዶ ያስቀምጣል። የሚወርደው ብዙ ስለሆነና መሐል ላይ ከተቋረጠ አሰልቺ ስለሚሆን፣ ይህን ሥራ ኢንተርኔቱ ፈጠን በሚልበት በማለዳ መጀመርና ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል ማገናኘት ይመረጣል። ከጭነቱ በኋላም ማዞሪያው በኬብል ይቆይ፤ ዋይፋዩን ለስልኮቹ ይተዉላቸው።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች እዚሁ ላይ ይስተካከሉ። አንደኛው፣ የላፕቶፑ ክዳን ሲዘጋ ማሽኑ እንዳይተኛ ሎግአይንድ በሚባለው የዴቢያን የቅንብር ፋይል ውስጥ የክዳን መዘጋት ችላ እንዲባል ማዘዝ ነው። ሁለተኛው፣ ራውተሩ ለላፕቶፑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድራሻ እንዲሰጠው ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ 192.168.1.10 ብንል፣ ይህ አድራሻ ከተቀየረ ሁሉም ስልኮች ማዞሪያቸውን ያጡታል።

ቀጥሎ ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ ብሮውዘር ላይ ያንኑ አድራሻ በመጻፍ ገጹን ይክፈቱ፤ የአስተዳዳሪ ስምና ጠንካራ የይለፍ ቃል ይፍጠሩ። የሚከፈልባቸውን ተጨማሪዎች እንዲያነቁ ሲጠየቁ ማለፍ ይቻላል። ኤክስቴንሽንስ ወደሚለው ገብተው ፒጄሲፕ የሚለውን ዓይነት መርጠው አዲስ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም የውስጥ መስመር፣ ይጨምሩ፤ ቁጥሩን 101፣ ስሙን ሳሎን ይበሉት። ሚስጥር በሚለው ሣጥን ውስጥ ፕሮግራሙ ራሱ የሚሞላውን ረዥምና የተዘበራረቀ ቃል ለማስታወስ ይከብዳል ብለው በ1234 አይተኩት፤ በሌላ ወረቀት ይገልብጡት። 102 ማድ ቤት፣ 103 በር፣ 104 የእናቴ ክፍል እያሉ መቀጠል ነው። ከየምዝገባው በኋላ ከላይ የሚታየውን አፕላይ ኮንፊግ የሚል ቀይ ቁልፍ መጫን አይርሱ። አልሠራም ብለው የሚጨነቁ ጀማሪዎች ግማሹን ጊዜ ይህን ቁልፍ ያልጫኑ ናቸው፤ እኔም አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አባክኜበታለሁ።

ስልኮቹ

ርካሹ መንገድ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሥራ የፈታ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሊንፎን የተባለውን አፕ መጫን ነው። አፑ ላይ የሌላ አቅራቢ ሲፕ አካውንት የሚለውን መርጦ (ሲፕ ስልኮቹና ማዞሪያው የሚግባቡበት ደንብ ነው) 101ን እንደ ስም፣ ሚስጥሩን እንደ ይለፍ ቃል፣ የማዞሪያውን አድራሻ እንደ ዶሜን ማስገባት ብቻ ነው። ከዚያ ግን አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አፑን እንዳይዘጋው፣ በስልኩ የባትሪ ቅንብር ውስጥ ለሊንፎን ገደቡን ማንሳት ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ስልኩ መደወል ይችላል፣ ሲደወልለት ግን አይጠራም።

ለሽማግሌዎች ግን የድሮውን መደበኛ ስልክ የሚያህል የለም። ግራንድስትሪም ኤችቲ801 የመሰለ ትንሽ አስማሚ በአንድ ወገኑ የኔትወርክ ኬብል፣ በሌላው መደበኛ ስልክ ይሰካበታል፤ ውስጡም እንደ ሊንፎኑ ይሞላል። የስልክ መሰኪያው ስልክ ብቻ የሚሰካበት ነው፤ ከግድግዳው የሚመጣውን የቴሌ መስመር እዚያ መሰካት አስማሚውን ሊያበላሽ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል። እናቴ ክፍል ያስቀመጥነው ስልክ ገመዱ የተጠቀለለ፣ እጀታው የከበደ የጥንት ስልክ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከሳሎን ስደውልላት አንስታ «ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለች፤ ድምፄን ስትሰማ እጀታውን ይዛ በሩ ላይ ብቅ ብላ ልታየኝ ሞከረች፣ ገመዱ ግን አላደረሳትም።

ለመፈተሽ ኮከብ 43 ይደውሉ፤ የተናገሩትን ቃል መልሶ ካሰማዎት ድምፁ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል ማለት ነው። ኮከብ 60 ደግሞ ሰዓት ይናገራል። የጊዜ ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ ቢሞላም የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ቢል አልተበላሸም። በመጨረሻ ሪንግ ግሩፕስ ውስጥ 600 የሚል ቁጥር ፈጥረው ሁሉንም መስመሮች በአንድ ጊዜ እንዲጠራ ያድርጉት። በእኛ ቤት 600 ቡና ነው። የድምፅ መልእክት ሣጥኑን ግን ዘግቼዋለሁ፤ በቤታችን የሚያዳምጠው አንድም ሰው አልተገኘም።

መብራትና መብረቅ

ላፕቶፑ በባትሪ ቆሞ ራውተሩ ከጠፋ ማዞሪያው ዋጋ የለውም። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለራውተር የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ገዝቶ ራውተሩንም አስማሚውንም ማቆየት ይቻላል፤ ከመግዛት በፊት ግን በሁለቱም ቻርጀሮች ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ማንበብ ያስፈልጋል፤ አስማሚዎች በአብዛኛው 12 ሳይሆን 5 ቮልት ናቸው።

ከሁሉ የጎዳኝ ስህተት ግን ኬብል ነው። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ክፍሎቹ የኔትወርክ ኬብል በአየር ላይ በቆርቆሮው ጠርዝ ዘርግቼ ነበር። ሐምሌ ላይ መብረቅ ቅርብ ቦታ ሲወድቅ በኬብሉ ሁለት ጫፍ ያሉት ዕቃዎች፣ ራውተሩም አስማሚውም፣ አብረው ሞቱ፤ ላፕቶፑ የተረፈው በዕድል ነው። የመዳብ ኬብል ከቤት ወደ ቤት በውጭ መዘርጋት በእኛ ክረምት አያዋጣም። አሁን በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ግንኙነት በዋይፋይ ብቻ ነው፤ ኬብል የሚገባው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው።

ከግቢ ውጭ መደወል

ወንድሜ ከሚሠራበት ሱቅ በዚሁ መስመር መደወል ፈለገ። በዚያን ጊዜ የመጣልኝ አቋራጭ ራውተሩ ላይ የማዞሪያውን 5060 በር፣ ማለትም ጥሪ የሚገባበትን የኔትወርክ ፖርት፣ ወደ ውጭ መክፈት ነበር። በማግስቱ ማለዳ የምዝግብ ፋይሉን ስከፍት ከማላውቃቸው አድራሻዎች 100፣ 101፣ 1000 እያሉ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ጥያቄዎች ሞልተውታል፤ እነዚህ ቀን ከሌሊት ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ናቸው። በሩን ወዲያው ዘጋሁት፤ ማንም እንዲከፍተው አልመክርም።

ትክክለኛው መንገድ ቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ነው። ራውተሩ ከውጭ የሚያገኘው አድራሻ ብዙ ጊዜ ተለዋዋጭ ወይም ከሌሎች ደንበኞች ጋር የተጋራ ስለሚሆን፣ ቋሚ አድራሻ ሳይጠይቅ የሚሠራው ቴልስኬል የተባለ የቪፒኤን አገልግሎት ይቀላል። በማዞሪያውና በወንድሜ ስልክ ላይ ተጭኖ፣ ሊንፎኑ በቴልስኬል አድራሻ በኩል ወደ ማዞሪያው ይገባል። ስልኩ ጠርቶ አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ አስቴሪስክ ሲፕ ሴቲንግስ ውስጥ ሎካል ኔትወርክስ በሚለው ቦታ 100.64.0.0 ከማስክ 10 ጋር መጨመር ነው፤ የፍሪፒቢኤክስ ፋየርዎልም ያንን መረብ የታመነ ብሎ እንዲያውቀው ይደረግ። በዚህ መንገድ የሚደረግ ጥሪ ግን ዳታ ይበላል። ጂ.711 በተባለው መደበኛ የድምፅ አቀራረጽ ድምፁ በአንድ አቅጣጫ፣ አድራሻውን ከሚይዘው ተጨማሪ መረጃ ጋር፣ 80 ኪሎቢት በሰከንድ ስለሚወስድ፣ የሁለቱ አቅጣጫ ድምር በሰዓት 72 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ቪፒኤኑም የራሱን ይጨምርበታል። ግቢ ውስጥ ግን ይህ ሒሳብ ስለማይመለከተን፣ በዚያው መጠን የጠራ ድምፅ የሚሰጠውን ጂ.722 አስቀድሜዋለሁ።

ሁሉም ነገር ከሠራ በኋላ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር የሚለውን ሞጁል ከፍተው ሙሉውን ቅንብር ወደ ሌላ ኮምፒውተር ያውርዱና ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። የመስመሮቹን ዝርዝር ደግሞ በእስክሪብቶ ጽፈው፣ ከየስልኩ ጎን በፕላስተር ይለጥፉ፤ በእናቴ ክፍል ያለው በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ የሰፈረው 600 ነው።