ያገለገለ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ፒክአፕ፦ ነዳጅ ሲበላ፣ ሲያንኳኳ፣ ሲያጨስ

ትልቅ ሞተር ያለው ፒክአፕ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ነዳጅ ይበላል ወይ?» አዎ፣ ይበላል። ሁለት ቶን የሚጠጋ ብረት በትንሽ ነዳጅ አይንቀሳቀስም። ግን በነዳጅ ወጪ ብቻ ተማሮ ፒክአፑን የሸጠ ሰው ብዙ አላየሁም። ሰውን የሚያራቁተው ሞተር ማውረድ ነው። ሞተር የሚያስወርደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከኢንጀክተር (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ ከሚረጨው ዕቃ) ሥር የተቀመጠች ጥፍር የምታክል ሮንዴላ፣ ማለትም ቀጭን የመዳብ ቀለበት ናት።

ዘይት፣ ውሃ፣ ጎማና ፍሬን ማየቱን ታውቁበታላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ። በዋናነት የማወራው ስለ ኮመን ሬይል ናፍጣ ነው፤ ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት አንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ለሁሉም ኢንጀክተሮች የሚታደልበት ሞተር ማለት ነው። ብዙ የምጠቅሰው 1ኬዲ የሚባለውን የቶዮታ ሞተር ነው። 4 ሲሊንደር፣ 2,982 ሲሲ፣ ባለ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ)። ከ2005 እስከ 2015 በወጣው ሃይሉክስ ላይ አለ፤ ፕራዶና ፎርቹነር ላይም ተገጥሟል። ጥሩ ሞተር ነው። ቸልተኛ ግን አይወድም።

ምልክት፦ ነዳጅ በዛ

መጀመሪያ በትክክል ለኩ። «በዚህን ያህል ብር ሦስት ቀን ብቻ ሄደ» መለኪያ አይደለም። አፍ እስከ አፉ አስሞሉ፣ 300 ወይም 400 ኪሎሜትር ንዱ፣ እንደገና አፍ እስከ አፉ አስሞሉ። ሁለተኛ የገባውን ሊትር ለነዳችሁት ኪሎሜትር አካፍሉና በ100 አባዙ። ለዚህ ሞተር የፋብሪካው ቁጥር በ100 ኪሎሜትር ከ8 እስከ 9 ሊትር አካባቢ ነው። ከተማ ውስጥና ከነጭነቱ 11 ወይም 12 ቢደርስ አትደንግጡ። ባዶውን 15 ከጠጣ ግን የሆነ ነገር አለ።

ጎማውን እዩ። የቀድሞው ባለቤት ለማማር ብሎ ትልቅ ጎማ ካስገባ ቆጣሪው ይዋሻል። 265/70 በነበረበት ባለ 16 ቸርኬ ላይ 285/75 ከገጠማችሁ፣ የጎማው ዙሪያ በ7 በመቶ ገደማ ያድጋል። ቆጣሪው 100 ሲል እናንተ 107 ሄዳችኋል ማለት ነው። ስለዚህ ነዳጁ ከእውነተኛው በላይ የበዛ ይመስላል። ከባድ ጎማ በራሱ ነዳጅ መጨመሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በነገራችን ላይ፣ ትልቅ ጎማ ያለበት መኪና የተነዳው ኪሎሜትርም ከሚያሳየው ይበልጣል።

ቀጥሎ ቴርሞስታት፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው። ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ አይሞቅም፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይጨምራል። ሞቃት አካባቢ «ምን ያደርጋል» ብለው አውጥተው የሚጥሉት አሉ። አታውጡት!

ከሃያ ደቂቃ ጉዞ በኋላ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ አድርጉ፣ አትንኩ። አንዱ ከሌሎቹ በተለየ ከጋለ ፍሬኑ እየያዘ ነው።

ጉልበት ቀንሶ ጥቁር ጭስ ካለ፣ ከተርቦው የወጣውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈትሹ። በታችኛው በኩል ይሰነጠቃል፣ ቆሞ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። በእጃችሁ ጭመቁት። ተርቦ ሞቷል ተብሎ ሊቀየር ከተዘጋጀ በኋላ ጥፋቱ ይቺ ቱቦ ሆና የተገኘችበትን ጊዜ መቁጠር ትቻለሁ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ነዳጁ አሁንም ከበዛ፣ ወደ ኢንጀክተር እንሂድ።

ምልክት፦ ጠዋት ያንኳኳል፣ ሲሞቅ ይተወዋል

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።

ኢንጀክተሩ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ላይ ሲቀመጥ ጫፉ ሥር የመዳብ ሮንዴላ አለች። ሥራዋ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ጋዝ ወደ ላይ እንዳያመልጥ መዝጋት ነው። በዕድሜ ትደክማለች። ጋዙ በጎኗ ሾልኮ ወደ ቫልቭ ክዳኑ ሥር ይገባል። ጥላሸት ይዞ ነው የሚገባው። ጥላሸቱ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ከታች ደግሞ የዘይት ፓምፑ በሚስብበት ወንፊት ላይ ይጋገራል። ወንፊቱ ቀስ በቀስ ይደፈናል። ተርቦው ዘይት ያጣል፣ የኮሎው (በፒስተኖቹ የሚዞረው ዋና ዘንግ) ብሮንዚናዎች፣ ዘንጉ የሚያርፍባቸው ማለት ነው፣ ዘይት ያጣሉ። አንድ ቀን ዳገት ላይ ሞተሩ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል። አለቀ።

አስቸጋሪው ነገር፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን መኪናው ደህና ይሄዳል። ምልክቱ ትንሽ ነው፦ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ኳ ኳ የሚል ድምፅ፣ ትንሽ የጨመረ ነዳጅ፣ በተቀየረ ማግስት የጠቆረ ዘይት። የናፍጣ ዘይት ቶሎ መጥቆሩ ያለ ነው። ጣት ላይ ሲሻሽ ወፍሮ የሚጎተት ከሆነ ግን ያለ አይደለም።

አንድ ፒክአፕ ትዝ ይለኛል። ሞተሩ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ባለቤቱ ከገዛው ገና ወራት ነው። ሲሞቅና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ እየሠራ) ሲቆም የዘይት መብራቷ ብልጭ ትላለች። ሌላ ቦታ ወስዶት «ሴንሰር ነው» ብለው ቀየሩለት። መብራቷ ለጥቂት ቀን ዝም አለች፣ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛ ሴንሰር ገዛ። እኔ ጋ የደረሰው ተጎትቶ ነው። የዘይት ገንዳውን ስናወርደው ወንፊቱ ወንፊት መሆኑ አይታይም። ላዩ እንደ ደረቀ ሬንጅ ተለጥፎበታል። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ስፍቀው በቅርፊት በቅርፊት ተነሳ፤ ከሥሩ ሽቦው አዲስ ነበር፣ አንድ ቀዳዳ እንኳ አልተበላሸም። ብሮንዚናዎቹ ግን መዳባቸው ወጥቷል። ጥቂት ሮንዴላና አንድ ከሰዓት ያተርፈው የነበረ ሞተር ነው።

ስለዚህ፦ የዘይት መብራት ብልጭ ካለ ሞተር አጥፉ። ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ግፊቱ በሜካኒካል ጌጅ ይለካ። «እስከ ቤት ድረስ ብቻ» አይሠራም። «ቀስ ብዬ» አይሠራም።

ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ታውቃላችሁ? ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፣ ሞተሩ ሳይነሳ። ሻጩን «ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ለብ ካለ ምክንያቱን አትጠይቁ፣ ለነገ ጠዋት ቅጠሩ። ቁልፉን ሳታስነሱ ክፈቱና የዘይትና የሞተር መብራቶቹ መብራታቸውን እዩ። ያልበራ መብራት የተነቀለ አምፖል ሊሆን ይችላል። ከዚያ አስነሱና አዳምጡ። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡ፤ ሥሩ ጥቁር ቅርፊት ካለው ጉዳዩ የቆየ ነው።

ዲያግኖሲስ ማሽን ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የብልሽት ኮድ የለም ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም። በሚኒሞ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ማስተካከያ ቁጥር ይክፈትላችሁ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ጥሩ ነው። በፕላስም በማይነስም ከ3 ያለፈ ኢንጀክተር የደከመ ነው። አንዱ ፕላስ 4፣ አንዱ ማይነስ 4 ሆኖ «ሞተሩ ሰላም ነው» ያለኝ ሻጭ አለ።

የመጨረሻውና ምርጡ ፍተሻ ግን ወንፊቱን በዓይን ማየት ነው። ዘይቱ ሲፈስስ በማፍሰሻው ቡሎን ቀዳዳ ከስልክ ጋር የሚያያዝ ቀጭን ባለ ገመድ ካሜራ ይገባል። ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነ ሽቦው ይቆጠራል። ሻጩ እምቢ ካለ፣ የሞተር ማደሻውን ዋጋ ቀንሳችሁ ተደራደሩ ወይም መኪናውን ተዉት። እኔ ወንፊቱን ሳላይ ይሄን ሞተር ለማንም «ግዛ» አልልም፣ ለወንድሜም ቢሆን።

መፍትሄው

አራቱም ኢንጀክተሮች ይወጣሉ። አንዷን ብቻ መቀየር የለም። መቀመጫው ላይ ያለው ካርቦን ይጸዳል፤ ፍርፋሪው ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ ተደፍኖና እየተሳበ ነው። አዲስ ሮንዴላ፣ አዲስ ኦሪንግ፣ አዲስ የጫና ቱቦ። የሚይዘው ቡሎን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ) ይታሰራል። «እጄ ያውቃል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ የመኪናችሁን ቁልፍ ተቀበሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው አራት አዲስ ኢንጀክተር ሌላ ቦታ አስገጥመው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እያንኳኳ መጡ።

«ጋሼ፣ ሮንዴላው ተቀይሯል?»

«አሮጌው ደህና ነው ብለውኝ እሱኑ መለሱት።»

ለኢንጀክተሮቹ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለው፣ ከሁሉም በምትረክሰው ዕቃ ተቆጠበባቸው! መዳብ አንዴ ከተጨፈለቀ ይደድራል፣ ሁለተኛ አይዘጋም። ስናወጣው ደግሞ አንዱ ሥር ሲሊኮን ተቀብቷል። ሲሊኮን! ጋዙ እኮ እሳት ነው።

በላስቲክ ተቆጥሮ የሚሸጠውን ስም የለሽ ሮንዴላም አትግዙ። ውፍረቱ ከተለየ የኢንጀክተሩ ጫፍ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ርጭቱም ቦታውን ይስታል። አዲስ ኢንጀክተር ካስገባችሁ ላዩ ላይ ያለው ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሳይመዘገብ ይነሳል፣ ይሄዳልም፣ ግን ያጨሳል፣ ነዳጅም ይበላል፤ ከዚያ ኢንጀክተሩ «ፎርጂድ ነው» ተብሎ ይታማል።

ከዚያ የዘይት ገንዳው ይወርድና ወንፊቱ ይታጠባል። አዲስ ዘይትና ፊልትሮ፣ ከ1,000 ኪሎሜትር በኋላ እንደገና። የሞተር ውስጥ ማጠቢያ ኬሚካል አትጨምሩ። ገንዳው ሳይወርድ ከጨመራችሁት ከየቦታው የተላቀቀው ቅርፊት ሁሉ የሚሄደው ወደ ወንፊቱ ነው። በሕይወት የነበረን ሞተር በዚህ የገደሉ አሉ። እኔ ሮንዴላዎቹን በየ80,000 ኪሎሜትሩ እቀይራለሁ፣ ቢያንኳኳም ባያንኳኳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። ሞተሩ እየሠራ በእጅ የነዳጅ ሊኬጅ አትፈልጉ። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ናፍጣው ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆንም ጣት የሚያስቆርጥ ጉዳት ነው። ካርቶን ተጠቀሙ።

ሌሎቹ፣ ባጭሩ

የዘይቱ መጠን ከጨመረ ናፍጣ እየገባበት ነው። ወዲያው አጥፉ፤ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ አልጠፋም ሊል ይችላል።

ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ካለና ድንገት ከጠፋ መጀመሪያ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ፓምፑ ላይ ያለው የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ። ፓምፑን ሙሉ አታስቀይሩ።

ሰማያዊ ጭስ፦ ተርቦ ወይም ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበቶች)። ከኢንተርኩለሩ ቱቦ ዘይት ከፈሰሰ በተርቦው ጀምሩ።

ሞቆም የማይተወው ማንኳኳትና በዘይት መሙያው የሚወጣ ብዙ ጭስ፦ የተሰነጠቀ ፒስተን ሊሆን ይችላል። አይገዛም።

ቤንዚን ቪ8 ካማራችሁ፣ ባለ 5.3 ሊትሩ ሲልቨራዶ በ100 ኪሎሜትር 14 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ከ2007 ጀምሮ የመጣው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ አራት ሲሊንደር የሚያጠፋው ሲስተሙ ደግሞ የቫልቭ ሊፍተሮቹን (ቫልቮቹን የሚያነሱትን) ይበላል። ቲክ ቲክ ካለ ተመለሱ። ከ2004 እስከ 2008 ያለው ባለ 5.4 ሊትር ፎርድ ካንዴላው ሲፈታ ቴስታታው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ።

የታይሚንግ ቺንጋ፦ 1ኬዲ በቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል በሚያስኬድ የጎማ ቀበቶ) ነው የሚሠራው፣ በየ150,000 ኪሎሜትሩ ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። ዳሽቦርድ ላይ የሚያስታውስ መብራት አለው፣ ግን ቺንጋው ሳይነካ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። የተቀየረበት ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ፤ ከነመወጠሪያውና ከነሮለሩ በገዛችሁ ሳምንት አስቀይሩት።