እናት ልጇን ለሞግዚት ትታ ስትወጣ ልቧ እንዲያርፍ

ስራዬ ሞግዚትነት ነው። አዲስ ቤት ስገባ ቀድሜ የማየው እናትየዋን ነው። ህፃኑ እቅፍ፣ ወተትና እንቅልፍ በሰዓቱ ካገኘ ይለምዳል። እናቱ ግን ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ትቆማለች። ትመለሳለች፣ ትስመዋለች፣ ደግሞ ትቆማለች። እሷ ካልተረጋጋች ቤቱም አይረጋጋም። ይህን የምጽፈው በዚህ ስራ ላላችሁ እህቶቼ ነው። እናቶችም ብታነቡት ከሞግዚት ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ ታዩበታላችሁ።

"አይዞሽ፣ አታስቢ" ደግ ቃል ነው፤ ግን ልብ አያሳርፍም። እናት የምታርፈው በዓይኗ ስታይ ነው። ስለዚህ ከተቻለ ስራ ከመጀመሯ 2 ሳምንት ቀድመሽ ግቢ። መጀመሪያ ተመልካች ሁኚ። በየትኛው ትከሻዋ አስደግፋ ታስገሳዋለች? ሲነጫነጭ ምን እያለች ታባብለዋለች? እሷ እንደምታደርገው አድርጊ። ያንቺ ዘዴ የተሻለ ቢመስልሽም ለጊዜው ያዝ አድርጊው። ከዚያ ተራው ያንቺ ይሁንና እሷ ትይ።

ዳይፐር ስትቀይሪ አንድ እጅሽ ከህፃኑ ላይ አይነሳ። ማበሻውን በሌላኛው እጅሽ አንሺ። የእናት ዓይን ያንን እጅ ነው የሚከተለው። የረሳሽው ነገር ካለ ህፃኑን አቅፈሽ ሂጂና አምጪ እንጂ "ለአንድ አፍታ ነው" ብለሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትተሽው ዞር አትበይ። ይህን ደጋግማ ስታይ ምንም ሳትነጋገሩ ፊቷ ፈታ ይላል።

ቀጥሎ እሷ ሌላ ክፍል ትግባ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ወጣ ብላ ትመለስ። ከዚያ ግማሽ ቀን። የመጀመሪያው ሙሉ የስራ ቀን ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ቢሆን እመርጣለሁ፤ አንድ ሁለት ቀን እንደሰራች እረፍቷ ይደርሳል።

ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡጦውን ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። ጡት መጥባቱን በደንብ ከለመደ በኋላ፣ በ4ኛው ሳምንት ገደማ ማስለመድ ይቻላል። ብዙ ህፃናት እናታቸው ስትሰጣቸው እምቢ ይላሉ፤ የጡቷ ሽታ አጠገባቸው ነዋ! አንቺ ስጪው፣ እሷ ከክፍሉ ትውጣ። ቀና አድርገሽ ያዢው፤ ወተቱ እንዳይንዠቀዠቅበት ጡጦውን ብዙ አታዘቅዝቂ። መሀል መሀል ላይ አሳርፊው።

የታለበ ወተት ሙቀት በሌለበት ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ቀኑን ዕቃው ላይ ጻፊ። ከፍሪዘር ወጥቶ የቀለጠውን ፍሪጅ ውስጥ አድርገሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ተጠቀሚበት፣ መልሰሽ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቢው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ አሙቂው። ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ ከሌላው የበለጠ ስለሚያግል አፉን ሊያቃጥለው ይችላል። በትንሽ በትንሹ አሙቂ። እንቅልፏን ሰውታ ያለበችው ወተት ሲደፋ ስታይ የሚሰማትን ህመም ልጅ ያጠባች ታውቀዋለች።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እናት ልትጠይቅሽ የምትፈራቸው ነገሮች አሉ። አንቺ ቀድመሽ አንሺያቸው። "ሁልጊዜ በጀርባው ነው የማስተኛው፤ አልጋው ላይ ትራስም አሻንጉሊትም አላስቀምጥም" በያት። "6 ወር ሳይሞላው ውሃ፣ ዓመት ሳይሞላው ማር አላቀምሰውም" በያት። 3 ወር ያልሞላው ህፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ሐኪም እንደሚወሰድ እንደምታውቂ ንገሪያት። ይህን ደግሞ አትዝለዪው፦ "አልቅሶ አልቅሶ ቢያቅተኝ አልጋው ላይ አስተኝቼው ትንሽ ፈንጠር ብዬ እረጋጋለሁ። በፍጹም አልንጠውም።" ህፃን መናጥ አንጎሉን ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል። ይህን በግልጽ የምትናገር ሞግዚት እናት ፊት ትልቅ ክብር አላት። ትን ሲለው የሚሰጠውን የመጀመሪያ እርዳታም ከባለሙያ ተማሪ፤ እናትየዋም አብራሽ ብትማር መልካም ነው።

ስትወጣ ተደብቃ አትውጣ። ትሳመው፣ "እመለሳለሁ" ትበለው፣ ትሂድ። በር ላይ መመላለሱ ለሁለቱም አይበጅም። ወደ 8 ወር ገደማ ለቅሶው ሊብስ ይችላል፤ የዕድሜው ነገር ነው፣ አንቺን ስለጠላ አይደለም። ለቅሶው እንዳቆመ ወዲያው መልእክት ላኪላት፤ እሷ እኮ እያለቀሰ ያለ እየመሰላት ነው የምትሄደው። ከዚያ በኋላ ደውላ እስክትጠይቅሽ አትጠብቂ። መቼ መቼ እንደምትጽፊላት ተስማሙ። ትንሽ ጭረት እንኳ ብትኖር ራሷ ከማየቷ በፊት ከአንቺ ትስማ። ካሜራ ከተገጠመ አትቀየሚ፤ የት እንዳለ ግን ሊነገርሽ ይገባል።

ስትመለስ መጀመሪያ ልጇን ስጫት፣ የቀኑ ወሬ ይቆያል። አንዳንዴ ህፃኑ ካንቺ አልወርድም ይላል። "እኔን ለምዶኛል" ብለሽ አትሳቂ፤ ያን ሰዓት ውስጧ ይደማል። "ስትመጪ ድምፅሽን ሰምቶ ዞሯል" በያት፣ እውነት ከሆነ። ለመቆም መሞከር ሲጀምር ደግሞ "እግሩ ጠንክሯል፣ ማታ እስቲ አቁመሽ እዪው" በያት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይለቃት ጭንቀት አለ። ህፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ የምግብ ፍላጎቷ ከጠፋ፣ ለቅሶ ከያዛትና ከ2 ሳምንት ካለፈ ነገሩ ካንቺ ጋር የተያያዘ ላይሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ለብቻዋ ሆና ስታገኚያት ያየሽውን በእርጋታ ንገሪያት። ሐኪም ጋ ስትሄድ ህፃኑን ይዘሽላት እንደምትቆዪም አረጋግጪላት። ራሴን ወይም ልጄን እጎዳለሁ የሚል ሐሳብ ካነሳች ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻዋን አትተያት፤ ቤተሰብ ጥሪና በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ትሂድ።