የቤት ቪዲዮ መጨረሻው ላይ ለምን ይቆማል? የባዶ ዲቪዲ ችግርና መፍትሔ

የመጻፊያው (ዲቪዲ የሚጽፈውና የሚያነበው የኮምፒውተር መሣሪያ) ሌንስ መጽዳቱን፣ ኮምፒውተሩ በቂ ባዶ ቦታ እንዳለው፣ ቪዲዮው ራሱ ከመቀዳቱ በፊት ያለ እንከን መጫወቱን አይታችኋል ብዬ እነሣለሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ተጠርጣሪ ባዶው ዲስክ ነው።

ምልክት፦ አጀማመሩ ጥሩ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን ምስሉ በካሬ በካሬ ይበጣጠሳል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻም ቀጥ ይላል

ወደ እኔ ከሚመጡት ብልሽቶች አብዛኛው ይህ ነው። ሰዎች ማጫወቻውን ይወቅሳሉ፣ አንዳንዶቹም ለውጠው አዲስ ይገዛሉ። ማጫወቻው ግን ምንም አላጠፋም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ስለዚህ የቪዲዮው መጨረሻ የሚያርፈው በዲስኩ ዳር ላይ ነው። መረጃውን የሚይዘው እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት የፕላስቲክ ገጾች መካከል ያለ ስስ የቀለም ንብርብር ነው። ቀለሙ የሚቀባው ገጹ እየተሽከረከረ ስለሆነ ጥንቃቄ የጎደለው ፋብሪካ ዳሩን እኩል አያለብሰውም። በዚያ ላይ በ16 እጥፍ ፍጥነት ጻፍ ብላችሁ ያዘዛችሁት መጻፊያ 16 የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከመሃል ሲነሣ 6 እጥፍ አካባቢ ነው። ቀለሙ እኩል ባልሆነበት ቦታ ላይ ፍጥነቱ ያይላል፣ ሌዘሩም የሚገባውን ምልክት ሳያኖር ያልፋል።

አንድ ጊዜ የቤተሰብ ግብዣ የተቀዳበት ዲስክ መጣልኝ። የአያትየው ንግግር መጨረሻው ላይ ነበር፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ አርፈዋል። ዋናው የካሜራ ካሴት ደግሞ «ዲቪዲ ስላለን» ተብሎ ሌላ ነገር ተቀድቶበታል። ዲስኩን በሦስት መጻፊያዎች፣ በዝግታ፣ ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻዎቹ 11 ደቂቃዎች አልወጡም። ዲስኩን ወደ ብርሃን አዘንብዬ ሳየው ዳሩ ላይ ቀለሙ ተጠራቅሞ እንደ ደረቀ ጠብታ ዥጉርጉር ሆኖ ነበር። ከመቀዳቱ በፊት አንድ ሰው እንዲህ አዘንብሎ ቢያየው ኖሮ ያ ንግግር ዛሬ ይሰማ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ደረጃ ይህን አስጠነቅቃለሁ፦ ዲቪዲው ተቀድቶ፣ ተፈትሾ፣ ሁለተኛ ቅጂ እስኪኖረው ድረስ ዋናውን አታጥፉ።

አሁን ወደ ምርጫው። ሣጥኑ ላይ ያለው የንግድ ስም ዲስኩን ማን እንደሠራው አይናገርም። ብዙ ስሞች ፋብሪካ የላቸውም፤ ከሌላ ገዝተው ስማቸውን ያትማሉ። ከአንድ ስም፣ ከአንድ ዓይነት ሣጥን ሁለት ጊዜ ገዝቼ ውስጡ የሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ዲስክ አግኝቻለሁ፤ የመጀመሪያው እስከ ዳር ንጹሕ ነበር፣ ሁለተኛው ተራ በተራ ወደ ቆሻሻ ሄደ። እውነተኛው መታወቂያ ፋብሪካው በዲስኩ ላይ የሚያሰፍረው ኮድ ነው። ባዶውን ዲስክ መጻፊያው ውስጥ አስገብታችሁ እንደ ኢምግበርን ያለ ፕሮግራም ስትከፍቱ ኮዱን ያሳያችኋል። «ኤምሲሲ 004» የሚትሱቢሺ ኬሚካል የ16 እጥፍ ፕላስ አር (አንዴ ብቻ የሚጻፍበት የዲቪዲ ዓይነት) ነው፤ «ዩደን000 ቲ02» የታይዮ ዩደን የ8 እጥፍ። ታይዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚህ ሥራ ወጥቷል፣ ቨርባቲም የተባለው የዲስክ የንግድ ስምም እ.ኤ.አ. በ2019 ከሚትሱቢሺ ወደ ሲኤምሲ ማግኔቲክስ ተሸጋግሯል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የሰማችሁትን ምክር ይዛችሁ በስም ብቻ አትግዙ። ኮድ የሚያስመስሉ ሐሰተኛ ዲስኮችም አሉ፤ ኮዱ ጥሩ ሆኖ ዳሩ ዥጉርጉር ከሆነ ዓይናችሁን እመኑ።

ትልቁን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ትንሹን ግዙ፤ አንዱን ሞልታችሁ ቅዱና መጨረሻውን ተመልከቱ። በጅምላ ገዝቶ ሃምሳውንም ከቀዱ በኋላ መጥቶ ማልቀስ ምንም አይመልስም።

መፍትሔው፦ በ16 እጥፍ ዲስክ ላይ በ8 እጥፍ ጻፉ። «በዘገየ ቁጥር ይሻላል» ብላችሁ ወደ 2 አትውረዱ፤ ቀለሙ ለፍጥነት የተቀመመ ስለሆነ ከመጠን በላይ መዝገምም ያበላሸዋል። ዲስኩን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። 4.7 ጊጋባይት የተባለው በኮምፒውተር አቆጣጠር 4.37 ነው፤ እኔ ከ4 አላልፍም፣ ዳሩ ባዶ ይቀራል። 1 ሰዓት ቪዲዮ በሰከንድ 8 ሜጋቢት፣ 2 ሰዓት በ4.5 ሜጋቢት ድምፁን ጨምሮ በዚህ ውስጥ ይገባል። 3 ሰዓት ካላችሁ ሁለት ዲስክ ላይ ክፈሉት፤ አትጨፍልቁት። በሚጻፍበት ጊዜ ኮምፒውተሩን ሌላ ከባድ ሥራ አታሠሩት። ሲያልቅ ማረጋገጫውን (የተጻፈውን ከዋናው ጋር የሚያነጻጽረውን የፕሮግራሙን ክፍል) አስኪዱ፤ ከዚያም በሌላ ማጫወቻ ላይ የመጨረሻውን ምዕራፍ ተመልከቱ። የጻፈው መሣሪያ ራሱ ማንበቡ ማስረጃ አይሆንም፤ የራሱን ጽሑፍ ሌላው ከሚያነበው በላይ ያነበዋል። የመጀመሪያውን ደቂቃ አይቶ «ይሠራል» ማለትማ ፍተሻ አይደለም!

ምልክት፦ ኮምፒውተር ያነበዋል፣ የቴሌቪዥኑ ማጫወቻ ግን «ዲስክ የለም» ይላል

ወይ ዲስኩ ተጽፎ ሲያልቅ አልተዘጋም (ፋይናላይዝ አልተደረገም)፣ ወይ ቪዲዮው በዲቪዲ ቪዲዮ አደረጃጀት ሳይሆን እንደ ተራ ፋይል ተጭኗል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ዓይነቱን ተመልከቱ፦ ለቆዩ ማጫወቻዎች ከፕላስ አር ይልቅ ዲቪዲ ማይነስ አር የሚባለው ይመረጣል። ፕላስ አር ብቻ ካላችሁ መጻፊያችሁ የሚፈቅድ ከሆነ የዲስኩን ዓይነት መለያ ወደ ዲቪዲ ሮም (በፋብሪካ ታትሞ የሚወጣው ዓይነት) ቀይሩት። አርደብልዩ (እየተሰረዘ ደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ) ብርሃን የሚመልሰው በጣም ያነሰ ስለሆነ ብዙ ማጫወቻ አያየውም፤ ለሙከራ እንጂ ለማስቀመጥ አትጠቀሙበት።

ምልክት፦ ሲጻፍ መሃል ላይ ስሕተት ብሎ ይተፋዋል

ሌላ ኮድ ያለው ዲስክ ሞክሩ። ያም ከተተፋ መጻፊያው አርጅቷል።

ምልክት፦ ባለ ሁለት ንብርብሩ 8.5 ጊጋባይት ዲስክ መሃል ላይ ለአፍታ ይቆማል

ሌዘሩ ንብርብር ሲቀይር ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ምልክት፦ ሲቀዳ ደህና የነበረው ከወራት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ አይነበብም

መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው፤ የሚለጠፍ ወረቀት ካገኘሁ ሌላ አልፈልግም። ወረቀቱ ሚዛኑን ያዛባል፣ በማጫወቻው ሙቀት ሲኮማተርም ዲስኩን ያጎብጠዋል። በዲቪዲ ላይ ወረቀት አትለጥፉ። የሚያምር ቢሆንም አትለጥፉ። የተለጠፈውንም አትላጡ፤ በቶሎ ገልብጡት። ስሙን ለዲስክ በተሠራ ለስላሳ ማርከር፣ ቢቻል መሃል ባለው ጥርት ያለ ክብ ላይ ጻፉ፤ እስክሪብቶ አይነካው። ከጠባብ ሣጥን ሲወጣ ከታጠፈ ሁለቱ ገጾች ከመሃሉ ይላቀቃሉ፤ መያዣውን ተጭናችሁ አውጡት። የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ መኪና ውስጥና መስኮት ላይ አይደር። በሣጥኑ ውስጥ አቁማችሁ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ በየዓመቱ አንዴ አውጥታችሁ መጨረሻውን ተመልከቱ፣ መንተባተብ ከጀመረ በዚያው ቀን ወደ አዲስ ገልብጡት።