ከገላን ወርክሾፕ ወደ ካናዳ የኒውክሌር ገበያ፦ ብረቱን ከነዘር ሐረጉ መላክ

ዳርሊንግተን ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ያለ የኒውክሌር ጣቢያ ነው። እዚያ አራት አነስተኛ ሞጁላር ማብላያዎች (ክፍሎቻቸው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው ቦታው ላይ የሚገጣጠሙ) ሊተከሉ ታቅዷል፤ እያንዳንዳቸው 300 ሜጋዋት ያመነጫሉ። የመጀመሪያው የግንባታ ፈቃድ ያገኘው በኤፕሪል 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ገላን ወይም ዱከም ላይ ላሜራ ቆርጦ የሚበይድ ወርክሾፕ ከዚህ ገበያ ድርሻ ከፈለገ የማብላያውን ጋን ይርሳው፤ እሱን ካምብሪጅ ኦንታሪዮ ያለው ቢደብልዩኤክስቲ የተባለ ኩባንያ ይዞታል። የሚያዋጣው ከደህንነት ሥርዓቱ ውጭ ያለው ተራ ዕቃ ነው፦ የቧንቧ መደገፊያ፣ የኬብል ትሪ፣ የደረጃ እጀታ።

ለጣቢያው ባለቤት በቀጥታ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ለአቅራቢው አቅራቢ ጻፉ፤ የካናዳ ኒውክሌር ኢንዱስትሪዎች ድርጅት አባላት ጥሩ መነሻ ናቸው። ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው ወረቀት ነው። አይኤስኦ 9001 የሚባለው የጥራት አመራር ሰርተፍኬት ይኑራችሁ። ሲኤስኤ ኤን299 የሚባለው የካናዳ የኒውክሌር ዕቃ አቅራቢዎች የጥራት መስፈርት አራት ደረጃ አለው፤ 1 ጥብቁ፣ 4 ቀላሉ ስለሆነ ከ4 ጀምሩ። ብየዳ ካለበት ሲኤስኤ ደብልዩ47.1 የሚባለውን የብየዳ ድርጅት ሰርተፍኬት ከካናዳ ብየዳ ቢሮ ማውጣት አለ።

ቀሪው ሥራ የብረቱን ዘር ሐረግ መጠበቅ ነው። ላሜራ ስትገዙ 3.1 የሚባለው የፋብሪካ የፍተሻ ሰርተፍኬት አብሮ ይምጣ፤ እዚያ ላይ ያለው የማቅለጫ ቁጥር (ብረቱ በየትኛው ዙር እንደቀለጠ የሚለየው) ላሜራው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። እስከዚህ ብዙም ሰው አይሳሳትም። ጉዱ የሚፈላው መቁረጫው ጋ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ሠራተኛው ያንን ጥግ ቆርጦ ሲወስድ የቀረው ላሜራ ወላጅ አልባ ይሆናል። ያ ላሜራ ለግቢ በር እንጂ ለካናዳ አይሆንም። ስለዚህ ቁጥሩ በቅድሚያ ወደየቁራጩ ይዛወር፣ ተቆጣጣሪው ይፈርምበት፣ ከዚያ ግራይንደሩ ይነሳ።

7018 የሚባለው የብየዳ ዘንግ (ኤሌክትሮድ) እርጥበት ከጠጣ ሃይድሮጅን ብየዳው ውስጥ ይገባና ከሰዓታት በኋላ፣ ዕቃው ተቀብቶ ካለቀ ወዲያ እንኳ፣ ሊሰነጥቀው ይችላል። በ120 ዲግሪ ማሞቂያ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከወጣ 4 ሰዓት ያለፈውን አትበይዱበት። በክረምት መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ይበርዳልና የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት ይመዝገብ።

ስቴንለስ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ብሩሽ ይኑረው። ተራ ብረት የነካ ዲስክ የዝገት ነጥብ ይተክልበታል። ምልክት ማድረጊያ ማርከሩም ክሎራይድ የሌለው ይሁን፤ ክሎራይድ ከሙቀት ጋር ስቴንለስን ይሰነጥቃል።

ዕቃው የሚላክበትን ሳጥን በእርጥብ ባሕር ዛፍ አትሥሩ። ጣውላው እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ የቆየና ማህተም ያለበት ካልሆነ ዕቃው እንዲመለስ ሊታዘዝ ይችላል።

ኢትዮጵያ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ካሉ አገሮች ስለምትመደብ ካናዳ ያለ ቀረጥ ታስገባለች፤ ግን ከፋብሪካ መውጫ ዋጋው ቢያንስ 40 በመቶው የአገር ውስጥ፣ የሌላ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ያለ አገር ወይም የካናዳ መሆን አለበት። ላሜራው ከውጭ ስለሚመጣ ይህ በዋዛ አይሞላም፤ ጉልበቱንና መብራቱን ደምራችሁ አስቀድማችሁ አስሉት። በዚያ ላይ ካናዳ በ2025 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ የውጭ ብረት ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጥላለች፤ የዕቃችሁን ኤችኤስ ኮድ (ጉምሩክ ዕቃ የሚመድብበትን ቁጥር) ለገዢው ልካችሁ፣ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።