ዶሮና የጓሮ አትክልት፦ ችግኝ ሲቃጠል፣ መደብ ሲጫር

ችግር፦ ኩስ በተጨመረበት መደብ ላይ የተተከለ የጎመን ወይም የቃሪያ ችግኝ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ ቢያጠጡትም ይጠወልጋል።

መንስኤ፦ ኩሱ ትኩስ ነው። የዶሮ ኩስ ከላም እበት ይልቅ ናይትሮጅን ይበዛበታል፤ ሲበሰብስ የሚወጣው አሞኒያና ያለው ጨው ሥሩን ይለበልበዋል። አንዱን ችግኝ ነቅለው ይዩት፤ ነጭ መሆን የሚገባው የሥሩ ጫፍ ጠቁሯል።

መፍትሄ፦ ከላይ ያለውን ኩስ ጠርገው ያንሡ፣ አፈሩ ውሃ የማይቋጥር ከሆነም ደጋግመው በብዙ ውሃ ያጥቡት። የሞተውን ተክቶ ለመትከል አይቸኩሉ። ለቀጣዩ ጊዜ 1 ባልዲ ኩስ ከ3 ባልዲ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ጋር እያነባበሩ፣ ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር የሚሆን ክምር ይሥሩ። እርጥበቱን በእጅ ይለኩ፦ እፍኝ ሙሉ ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ይውጣ። ውሃ ከፈሰሰ ጭድ ይጨምሩ፤ ከተበተነ ያርከፍክፉ። በየሳምንቱ ያገላብጡት። ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል፤ ሰጋቱራ ካለበት ይዘገያል። አፍንጫ የሚወጋ ሽታ እስካለው ድረስ አልደረሰም፤ የደረሰ ብስባሽ ዝናብ እንደመታው አፈር ይሸታል።

ቲማቲሙ ቅጠሉ ጫካ ሆኖ ፍሬ ከነሳዎት ምክንያቱ ያው የናይትሮጅን ብዛት ነው። ኩስ መጨመር ያቁሙ።

ችግር፦ ዶሮዎቹ መደቡን እየጫሩ ችግኙን ይነቅላሉ።

መንስኤ፦ እርጥብ አፈር ትል አለው፤ ደረቅና ልል አፈር ደግሞ ቅማል ለማራገፍ የሚንከባለሉበት ነው።

መፍትሄ፦ 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው የሽቦ አጥር፣ የታችኛው ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ተቀብሮ። የአገር ዶሮ ቀላል ስለሆነች ትዘለዋለች፤ የአንዱን ክንፍ ብቻ 10 ረጃጅም ላባዎች ይቁረጡ። አገዳው ውስጡ ደም ያዘለ አዲስ ላባ ግን አይነካም፤ ይደማል። ለመንከባለያ አመድና ደረቅ አሸዋ የሞላበት፣ ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ዝናብ በማያገኘው ጥግ ያስቀምጡላቸው። ይህን ካላገኙ መደቡን አይተዉም።

ዶሮዋ በድንገት ከደከመች ከሚጠረጠሩት አንዱ የተረጨ ፀረ ተባይ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሳያልፍ ወደ መደቡ አያስገቧቸው። የአቮካዶ ልጣጭና አረንጓዴ የሆነ ድንችም ይመርዛቸዋል።

ዶሮ መደብ ውስጥ መግባት ያለባት ሰብሉ ተነሥቶ ነው፤ ለ2 ሳምንት ትልና የአረም ዘር ትለቅማለች። ግን ትኩስ ኩስ ጥላ ስለምትሄድ፣ ሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ) እንዳይተላለፍ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ የሚለቀመው ከዚያ ቢያንስ ከ120 ቀን በኋላ ነው። ለዚያ ዙር በቆሎ ይሻላል።