ምላስ ያለ ቁስል ሲቃጠል ምን ይደረጋል?

ድሬዳዋ ላይ "አፌን ያቃጥለኛል" የሚል ሰው ቶሎ ሰሚ አያገኝም። መጀመሪያ "ሚጥሚጣ አብዝተሽ ነው" ይባላል። ቀጥሎ "ምች መትቶሽ ይሆናል" ይመጣና ዳማከሴ ይታሻል። እሱም አልሆን ሲል ጨጓራ ይወቀሳል። ጥርስ ሐኪም ጋ ሲኬድ ደግሞ አፍ በመብራት ይታያል፤ ቁስል የለም፣ እብጠት የለም፣ ምላሱ ደህና ነው። "አቦ ምንም የለብሽም እኮ!" ተብሎ ወደ ቤት።

ማቃጠሉ ግን አለ። ሐኪሞች በርኒንግ ማውዝ ሲንድረም ይሉታል። ትኩስ ሻይ ሳያስቡት ሲጎነጩ ምላስ ላይ የሚቀረው ዓይነት ስሜት ነው፤ ልዩነቱ አለመልቀቁ ነው። ብዙ ጊዜ የምላስ ጫፍና ዳር ላይ ይጀምራል፤ ከንፈርና ላንቃም ይነካል። አንዳንዱ ሰው አፉ የደረቀ ይመስለዋል፣ አንዳንዱ መራራ ወይም የብረት ጣዕም አልለቅ ይለዋል። ወንዶችም ይይዛቸዋል፤ በብዛት የሚታየው ግን የወር አበባቸው በቆመ ወይም ሊቆም በተቃረበ ሴቶች ላይ ነው።

ሌላ መነሻ ሲታጣለት ችግሩ ያለው ስሜትና ጣዕም በሚያመላልሱት ነርቮች ላይ ነው ተብሎ ይታሰባል። ማንም ሳይጫነው የሚጮህ የበር ደወል ማለት ነው። ስለዚህ ሥጋው ላይ ቁስል መፈለግም፣ የሌለ ቁስል ማከምም አያዋጣም። ተላላፊ አይደለም። ወደ ካንሰርም አይቀየርም።

መጀመሪያ፦ ምላሳችሁን መቅጣት አቁሙ

ይህን ከምርመራውም አስቀድሜ የማነሳው፣ ብዙ ሰው ሐኪም ጋ እስኪደርስ አፉን የባሰ ስለሚያስቆጣው ነው። ሎሚ ማሸት፣ ነጭ ሽንኩርት ማኘክ፣ ቅርንፉድ ጉንጭ ውስጥ መያዝ፣ ምላስን በብሩሽ እስኪደማ መፈተግ፣ አልኮል ባለው የአፍ ማጠቢያ ጠዋት ማታ መጉመጥመጥ ይቅር። ምላሱ አልቆሸሸም። "ትንሽ ቢያቃጥልም ይገድለዋል" የሚባለው ጀርም ሲኖር ነው፤ እዚህ የሚገደል ነገር የለም።

በእነሱ ፈንታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና በቀን ሁለት ሦስቴ ተጉመጥመጡበት። ትተፉታላችሁ እንጂ አትውጡትም።

ከዚያ የራሳችሁን ህመም አጥኑ

ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ ማቃጠሉን ከ0 እስከ 10 ነጥብ እየሰጣችሁ ጻፉ። ደብተር ካልተመቸ ስልክ አለ። ያን ሰዓት የበላችሁትን፣ የጠጣችሁትንና የዋጣችሁትን መድኃኒት ከጎኑ አስቀምጡ።

ለምን መሰላችሁ? ይህ ህመም የራሱ ጠባይ አለው። ብዙዎች ጠዋት ሲነሱ ደህና ናቸው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እየጨመረ፣ ማታ ላይ ይከፋል። ሲበሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ ሰው አያምንም እንጂ። የሚያሠቃያችሁ መብላቱ ራሱ ከሆነ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ሊኖር ስለሚችል ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩት። ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት ማቃጠሉ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ፣ ከ3 ወር በላይ ሲቆይና አፍ ውስጥ የሚታይ ነገር ሲጠፋ ነው። ትናንት የጀመረ ማቃጠል ገና ስም የለውም።

አፋችሁንም እዩ። በቀን ብርሃን፣ መስታወት ይዛችሁ፣ ምላሳችሁን አውጡና ዳርና ዳሩን፣ ከሥሩም ተመልከቱ። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ነገር፣ ጠጣር እብጠት፣ የመዋጥ ችግር ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ የዚህን ጽሑፍ ቀሪ ትታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሲጠረግ የሚለቅ ነጭ ነገር ደግሞ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ የሚታከም ነው። ስኳር ያለበት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርግ፣ አንቲባዮቲክ የወሰደ ወይም የአስም መንፊያ የሚጠቀም ሰው ላይ ይበዛል። መንፊያ የምትጠቀሙ ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። ሰው ሠራሽ ጥርሱም ማታ ወልቆ ይደር።

ምርመራው ላይ ምን ይጠየቅ?

ተመሳሳይ ማቃጠል የሚያመጡ፣ ሲታከሙም የሚሄዱ ነገሮች አሉ። እነሱ ሳይጣሩ "ነርቭ ነው" ብሎ መቀመጥ ጥሩ ዕድል ማባከን ነው። ከድሬ ድል ጮራ፣ ከሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል መጀመር ይቻላል፤ ጥሩ የውስጥ ደዌ ወይም የጥርስ ሐኪም ያለበት ክሊኒክም ይሆናል። ደብተራችሁን ያዙና እነዚህን አንሡ፦ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ የብረት ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ፎሌት፣ ሳይበላ የሚለካ ስኳርና የታይሮይድ ምርመራ። ሁሉም በአንድ ቀን አይገኝ ይሆናል። አቅም ካጠረ ከሲቢሲና ከስኳር ጀምሩ።

ቢ12 ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣና ከወተት ነው። ለዓመታት ጾሙንም ፍስኩንም ከሽሮ ያልወጣ ሰው ሊያንሰው ይችላል። ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የሚወስዱም እንዲሁ። የሚገርመው ነገር ይህ ነው፦ ማቃጠሉ "ጨጓራ ነው" ተብሎ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የተዋጠለት ሰው፣ አሁን ሌላ የሚያቃጥል ምክንያት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ቃርና ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ ያለበት ሰው ግን መድኃኒቱ ይገባዋል።

ብረት አንሷችሁ ክኒን ከተሰጣችሁ ሻይና ቡና ከምግብና ከክኒኑ አርቁ። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ሻይ መከልከል ከባድ ፍርድ ነው፤ አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ግን ይቻላል። ሻዩ ብረቱን ይይዘዋል።

የግፊት መድኃኒትም ይታይ። ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ አንዳንድ ሰው ላይ አፍ ያቃጥላሉ፣ ጣዕምም ያበላሻሉ። አደራ፣ በራሳችሁ አታቁሙ። "ማቃጠሉ የጀመረኝ ይህን ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ መቀየር ይቻላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ማረጋገጫው ደብተራችሁ ውስጥ አለ።

የሚያስቆጡትን አንድ በአንድ ማውጣት

ሁሉንም ባንድ ቀን አትተዉ፤ የትኛው እንደበጀ አታውቁም። አንዱን ለሁለት ሳምንት አውጡ፣ ነጥቡን እዩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

የጥርስ ሳሙናው ይቅደም፤ ቀላሉ እሱ ነው። አረፋ የሚያበዛውን ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባል ነገር ብዙዎቹ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ጠንካራ ሚንትም ያስቆጣል። ፋርማሲ ገብታችሁ "አረፋ የሌለው፣ ሚንቱ የቀለለ" በሉ። ቱቦው ጀርባ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማስነበብ ነውር የለውም።

ቀጥሎ ሻዩ። የእኛ አገር ሻይ ቅመሙ ነው፦ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል። ቀረፋ አፍን ከሚያስቆጡት ነገሮች መካከል ስሙ ደጋግሞ የሚነሣ ነው። ሻይ ቤት የሚፈላው ብዙ ጊዜ ከነቅመሙ ስለሆነ ለጊዜው ቤት አፍልታችሁ፣ ለብ ሲል ጠጡ። ቀረፋ ያለው ማስቲካም ከዚሁ ይቆጠራል።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ዳጣ፣ የሳምቡሳ ቃሪያ ግልጽ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም የበዛበት ስልስ፣ ለስላሳና አልኮልም እዚያው ናቸው። ፈጢራ በማር፣ አልጫ፣ ገንፎ፣ ቀዝቃዛ ወተት ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ። ምግብ ፈርቶ መጾም ግን አይሆንም፤ ለብዙዎች መብላቱ ራሱ ማስታገሻ ነው ብለናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በሐኪም እጅ ተመጥኖ ነርቭ ለማደንዘዝ ይውላል። ይህን ሰምቶ ቤት ውስጥ ሚጥሚጣ በውሃ በጥብጦ ለመጉመጥመጥ የሚነሣ ጀግና አይጠፋምና፤ ይቅርባችሁ።

ጫቱስ?

ጫትን ሳላነሳ ባልፍ ድሬና ሐረር ያለ ሰው ይስቅብኛል። ጫት ምራቅ ያደርቃል። ሲደርቅ ለስላሳ ይጠጣል፤ እሱ ስኳርና አሲድ ነው። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሣል፣ መንጋጋ ያስነክሳል። ያንን ለመስበር ጨብሲ ሲከተል አልኮሉ ደግሞ የደረቀውን አፍ ያገኘዋል። ለተቆጣ ነርቭ ከዚህ የከፋ ማምሻ የለም። ቢቻል ሦስት ሳምንት ተዉትና ደብተሩ ይፍረድ። ካልተቻለ ቀኑን ቀንሱ፣ ከበርጫው ጎን ለስላሳውን ትታችሁ ውሃ አስቀምጡ፣ ጨብሲውን ዝለሉ። ጫት የምትይዙበት ጉንጭ ውስጥ ነጭ ነገር ካያችሁ ደግሞ ጥርስ ሐኪም ይየው።

ሲነሣ ለማስታገስ

በረዶ ወደር የለውም። ትንሽ የበረዶ ቁራጭ ምላስ ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ማሟሟት ነው፤ አታኝኩት፣ ጥርስ ይሰብራል። የድሬ ሰው ችግሩ በረዶውን ከቤት ማውጣቱ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከፍሪጅ እስከ በር ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ቀፊራ ገበያ የምትውሉ ለሻይ የምትይዙትን ፔርሙዝ ለዚህ አውሉት። ሌሊቱን ባዶውን ከፍታችሁ አቀዝቅዙት፣ ጠዋት በረዶውን እስከ አፉ ሙሉት፣ ክዳኑን አጥብቁ። አፉ በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ስለሚገባ የምትፈልጉትን ያህል በአንድ ጊዜ ወደ ኩባያ አውጡ። መብራት ሲጠፋም ያው ፔርሙዝ ያገለግላል።

ስኳር የሌለው ማስቲካ ምራቅ ይጠራል፤ ሚንቱና ቀረፋው ቀላል ይሁን። ውሃ በየጊዜው ጎንጨት፣ ጎንጨት። ምላሳችሁ የት እንዳለም ልብ በሉ፦ ብዙ ሰው ሳያውቀው ምላሱን ጥርሱ ላይ ሲገፋና ሲያሽ ይውላል። ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ላላ፣ ምላስ በቦታዋ።

ረመዳን ላይ ቀኑ ይረዝማል። ውሃውን ከመግሪብ እስከ ሱሁር አከፋፍሉት፤ ሱሁር ላይ ጨውና ቅመም የበዛበት ነገር ይቅር። መድኃኒት ካለ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

መድኃኒት የሚያስፈልገው ሲኖር

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ፣ የሚያስቆጣውም ወጥቶ ማቃጠሉ ከቀጠለ መድኃኒት አለ። ሥራው ነርቩን ማረጋጋት እንጂ ማጥፋት ስላልሆነ በአንድ ቀን ለውጥ አትጠብቁ። ከተሞከሩት አንዱ ክሎናዜፓም ነው። የተለየው አወሳሰዱ ነው፦ ክኒኑ አይዋጥም፤ የሚያቃጥለው ቦታ አጠገብ ለ3 ደቂቃ ያህል ምራቅ ውስጥ ይያዝና ይተፋል። የሚያስተኛና ሱስ ሊሆን የሚችል መድኃኒት ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሞከርም፤ ከጎረቤት መዋስም የለም። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ማታ ማታ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። "እኔ እኮ አላበድኩም፣ ለምን የድብርት መድኃኒት ይሰጠኛል?" የሚል አይጠፋም። ለነርቭ ህመም ስለሚሠራ ነው። ጉድለቱ አፍ ማድረቁ ነው፤ ያ ከሆነ ተመልሳችሁ ንገሩ።

ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ማቃጠሉን ያባብሳሉ፤ ማቃጠሉም እነሱን። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር ህመሙን እንደሚያቀል የታየ ሕክምና ነው። የሚገኝ ከሆነ አትናቁት። በአንዳንዶች ከዓመታት በኋላ በራሱ ይቀላል፤ እስከዚያ ግን ቀኑን የሚያስውል ነገር ያስፈልጋል።

ለቤት ሰው

"ምንም የለብሽም" ማለት ይቁም። ይልቅ ማእድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አድርጉ። ወጥ ስትሠሩ ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ፣ በርበሬው ሳይገባ፣ ከቁሌቱ ላይ ሁለት ጭልፋ ያህል ወደ ትንሽ ድስት ቀንሱ። እሷን በእርድና በትንሽ ጨው አልጫ አድርጋችሁ ጨርሷት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ሳታስገቡ። ሥጋውም ሆነ ድንቹ ለሁለቱም ድስት ይከፈላል። ማዕዱ አንድ ሆኖ አልጫው አፏን በሚያቃጥላት ሰው በኩል ይፈስሳል።